አንደርድራይቭ ፑሊ ምንድን ነው? ለጅማ መኪናስ ይበጃል?

በመለዋወጫ ሻጮች የቴሌግራም ገጾች ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ የተቀባች፣ የምታብረቀርቅ፣ አንደርድራይቭ የምትባል የአሉሚኒየም ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርባት ክብ ዕቃ) ትታያለች። ከሥሯ የሚጻፈው ማስታወቂያ ሁሌም ያው ነው፦ ጉልበት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ነገሩ ውሸት አይደለም። ግን እውነት የሚሆነው የት እንደሆነ ማስታወቂያው አይናገርም፤ ያ ቦታ ደግሞ ጅማ ውስጥ የሚነዳ መኪና ብዙም የማይደርስበት ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ አንድ ፑሊ አለ። በእሱ ላይ የሚዞረው ቺንጋ አልተርኔተሩን (ብዙዎቻችን ዲናሞ የምንለውን)፣ የውሃ ፓምፑን፣ ካለ ደግሞ የመሪ ፓምፑንና የኤሲ ኮምፕረሰሩን ያዞራል። አንደርድራይቭ ማለት እነዚህ ዕቃዎች ፋብሪካው ካሰበላቸው ፍጥነት ዝቅ ብለው እንዲዞሩ ማድረግ ነው። ይህ የሚሆነው የክራንኩን ፑሊ ጠበብ ባለ በመለወጥ ነው፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ላይ ይዘገያል። ወይም ደግሞ የዲናሞውን ፑሊ ብቻ ሰፋ ባለ መለወጥ ይቻላል። ገበያ ላይ ያሉት በብዛት ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚያዘገዩ ናቸው። መጠኑን ሳይቀይር ክብደቱን ብቻ የቀነሰ ፑሊም በዚሁ ስም ይሸጣል፤ እሱ ግን አንደርድራይቭ አይደለም፣ የሚሰጠውም ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሐሳቡ የመጣው ከእሽቅድምድም ነው። የውድድር ሞተር በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ሲጮህ ይውላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ የውሃ ፓምፕ ከሚፈለገው በላይ ይሠራል፣ ጉልበትም ይበላል። አሜሪካኖች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በፎርድ ማስታንግ መኪና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ሲያስገጥሙት የነበረው ለዚህ ነበር፤ ለነሱም ሠርቶላቸዋል።

የሠራበትን ምክንያት የሚያሳየው ሒሳብ፣ እኛ ዘንድ ለምን እንደማይሠራም ያሳያል። ፓምፕ የሚበላው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ በ6,000 ዙር 2,000 ዋት የሚበላ የውሃ ፓምፕ እንውሰድ። በ25 በመቶ ብናዘገየው ወደ 840 ዋት ይወርዳል። ከ1,100 ዋት በላይ ተረፈ ማለት ነው፤ አንድ ፈረስ ጉልበት ተኩል ገደማ። ይኸው ፓምፕ በ2,000 ዙር ላይ የሚበላው ግን 74 ዋት ብቻ ነው። ስናዘገየው የምናተርፈው 43 ዋት ይሆናል፤ አንድ የፊት መብራት አምፖል ከሚበላው ያነሰ። ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመላለስ ቶዮታ ቪትዝ ደግሞ ዕድሜውን የሚጨርሰው በ2,000 ዙር አካባቢ ነው።

ዲናሞው ላይ ያለው ትርፍ ከዚህም ያንሳል። ዲናሞ የሚጫነው ከእሱ በሚጠየቀው ኤሌክትሪክ ልክ ነው። መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ ሬዲዮውና ኢንጀክሽኑ 30 አምፔር ከፈለጉ ዲናሞው ዝግ ብሎም ቢዞር ያንኑ 30 አምፔር መስጠት አለበት፤ ዝግ ሲል የሚከብደው በዚያው ልክ ነው። መሪውስ? አብዛኞቹ ቪትዞች መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ በቺንጋ የሚዞር የመሪ ፓምፕ የላቸውም፤ ስለዚህ ከዚያ በኩል የሚተርፍ ነገር የለም። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከክራንኩ ጋር የሚያስተባብረው የውስጥ ቺንጋ) ስለሆነ የውጭው ፑሊ ቢቀየርም ባይቀየርም እሱን አይነካውም።

ለፑሊው የሚቆም አንድ ክርክር አለ፤ ማለፍ ደስ አይለኝም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 17 በመቶ ገደማ ቀርቶበታል ማለት ነው። ፓምፑና ዲናሞው ግን ድርሻቸውን አይቀንሱም። ከሳሳ ሞተር የሚወሰድ ድርሻ ይበልጥ ይሰማል፣ ስለዚህ እሱን መቀነስ ትርጉም አለው የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ችግሩ ድርሻው ከመጀመሪያውም ትንሽ መሆኑ ነው። ደግሞም ከፍታው ውሃን በ94 ዲግሪ ገደማ ያፈላል። የራዲያተር ክዳኑ በግፊት ይህን ያሻሽለዋል፤ ሆኖም ክዳኑ ያረጀበትና ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ የሚሞላበት መኪና ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር የውሃ ዝውውሩን በሩብ መቀነስ ከጊቤ ሸለቆ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ እንዲግል መጋበዝ ነው።

ከዚያ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሠራበት) አለ። ሰዎች ስለ ጉልበት ሲያወሩ የሚረሱት እሱን ነው። የክራንኩ ፑሊ ስፋት 150፣ የዲናሞው 55 ሚሊሜትር ነው እንበል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ 750 ዙር ሲል ዲናሞው 2,045 ገደማ ይዞራል። የክራንኩን ፑሊ በሩብ ስናጠበው ወደ 1,530 ይወርዳል። ብዙ ዲናሞዎች ቁም ነገር ያለው ኤሌክትሪክ መስጠት የሚጀምሩት በዚሁ አካባቢ ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ቀሪውን ይገምታል፦ ዝናቡ ሳይቆም፣ ሰዓቱ ወደ ማታ ሲል፣ መብራት በርቶ፣ መጥረጊያው እየሠራ፣ መስታወቱ እንዳይደመን ማራገቢያው ተከፍቶ፣ ባጃጆች መንገዱን ዘግተውት መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ያኔ ዕዳውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። በጠበበው ፑሊ ላይ ቺንጋው የሚይዘው ቦታም ያንሳል፤ የጎርፍ ውሃ ሲረጨው መንሸራተትና መጮህ ይጀምራል።

እስካሁን ያልኩት ኪሳራ ነው፤ የሚቀጥለው ግን አደጋ ነው። ለፍሬን ማገዣው ቤንዚን ሞተር ቫኩሙን (ፔዳሉን የሚያቀልለውን የመምጠጥ ኃይል) ከራሱ አየር ማስገቢያ ያገኛል። ናፍታ ሞተር ይህ ስለሌለው የቫኩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። ሃይስና ሃይሉክስ ላይ በምናውቃቸው በ2ኤል፣ በ3ኤልና በ5ኤል ሞተሮች ያ ፓምፕ የተሰካው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፤ ዲናሞው ሲዘገይ እሱም ይዘገያል። ሰው የሞላ ሚኒባስ ከአበልቲ ወደ ጊቤ እየወረደ፣ ሹፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጠ፣ ማገዣው ቶሎ ቶሎ ካልሞላ ፔዳሉ ይደነድናል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ጥቅምና ጉዳት የሚመዘንበት ነገር የለም፤ አይደረግም።

ሌላው አደጋ ከፑሊው ስፋት ሳይሆን ከአሠራሩ ይመጣል። የፋብሪካው የክራንክ ፑሊ በብዙ ሞተሮች ላይ ተራ ብረት አይደለም፤ በመሃል እምብርቱና በውጭው ቀለበት መካከል ጎማ አለው። ፒስተኖቹ ተራ በተራ ሲመቱ ክራንኩ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል፤ ያንን ንዝረት ውጦ የሚያስቀረው ይህ ጎማ ነው። የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ፑሊ ድፍን ነው። አጭር ክራንክ ያላቸው አንዳንድ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ከፋብሪካም ድፍን ፑሊ ይዘው ስለሚወጡ ላይጎዱ ይችላሉ። ረጅም ክራንክ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ተርታ ሞተር ግን፣ ለምሳሌ የላንድክሩዘሩ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ፣ ያለ ጎማው መንዳት ክራንኩን እስከመስበር ሊያደርስ ይችላል። ቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ) ሄዶ "ይቺን አጥብባት" ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የቶርኖ ባለሙያው እጁ ምንም ያህል የተካነ ቢሆን ባላንስ የሚያደርግበት ማሽን ከሌለው በሺዎች ዙር የሚሽከረከር ነገር እያንቀጠቀጠ የክራንኩን ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ቀለበት) መብላቱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር ክራንክ ማበላሸት ጨዋታ አይደለም።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ብቻ ለሚያሠራ፣ መብራትና ዝናብ ለማያሳስበው የውድድር መኪና። ለዕለት መኪና ጉልበት አጣሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያውጣና ይይ፤ በበጋ የጅማ ዙሪያ ቀይ አቧራ የሚሠራውን ማንም ያውቃል። ቀጥሎ የጎማ ነፋሱን፣ ከዚያ ሳይረገጥ የሚይዝ ፍሬን እንዳለ እያንዳንዱን ጎማ አንስቶ በእጅ በማዞር ይፈትሽ።

ይህ ሁሉ ተነግሮትም ልቤ ካላረፈ የሚል የቤንዚን መኪና ባለቤት ካለ፣ የክራንኩን ፑሊ አይንካ። የዲናሞውን ብቻ፣ ያውም ከ10 እስከ 15 በመቶ ሰፋ ባለ ይቀይር፤ ርዝመቱ የሚስማማ ቺንጋም አብሮ ይግዛ። ካስገጠመ በኋላ ማታ መብራቱን፣ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትቶ የባትሪውን ጫፎች በቮልት መለኪያ ይለካ። ከ13.5 ቮልት በላይ ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከ12.7 በታች ከወረደ የድሮውን ፑሊ ይመልስ።