የቆዳ ቦርሳና ሶፋ ላይ የቀረ የእስኪርብቶ ቀለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ቀለም እንደነካው ቶሎ ማሸት ነው»
መቸኮሉ ልክ ነው፤ ስህተቱ ማሸቱ ነው። የእስኪርብቶ ቀለም ቅባትነት ስላለው፣ ሲታሽ አንዲት ቀጭን ሰረዝ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ጭጋግ ትሆናለች። ሶፍት ጫን አድርጎ ማንሳት፣ ከዚያ በንጹሑ በኩል መድገም ይሻላል።

«ቆዳ ሁሉ አንድ ነው»
አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ቦርሳና ሶፋ ከላይ የቀለምና የመከላከያ ሽፋን አለው፤ እድፉ ለጊዜው እዚያ ላይ ይቆያል። ሽፋን የሌለው ቆዳ ግን ወዲያው ይመጠዋል። ለመለየት የማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉ። ጠብታው ድብልብል ብሎ ከቆመ ሽፋን አለው። ሰርጎ ካጠቆረው የለውም፤ እንዲህ ያለውን በፈሳሽ ከመነካካት ለባለሙያ መስጠት ይሻላል፣ ፈሳሹ ቀለሙን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና። እንደ ከፋይ ለስላሳ ጸጉር ያለው ስዌድ የሚሞከረው በደረቁ፣ በንጹሕ ላጲስና በብሩሽ ብቻ ነው።

«አልኮል ያበላሸዋል» ወይም «አልኮል ምንም አያደርገውም»
ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። የእስኪርብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፤ ሽፋኑም ብዙ ከነካው ይሟሟል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይሞክሩ። የጄል እስኪርብቶ ቀለም ብዙውን ጊዜ ውሃ ስላለበት፣ ሳይደርቅ ከተደረሰበት በዚህ ብቻ ሊነሳ ይችላል።

ካልሆነ 70 በመቶ አልኮል የነካ የጆሮ ጥጥ ይያዙ። ሶፍት ላይ ጫን አድርገው ትርፉን ያስመጥጡ፤ የሚያንጠባጥብ ጥጥ ቀለበት ይተዋል። የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ ጥጡን ከእድፉ ጠርዝ ወደ መሃል ያንከባሉ፣ አይፈትጉ፤ ጫፉ ሲቆሽሽ ይቀይሩ። ዓይንዎ ጥጡ ላይ ይሁን። የእስኪርብቶው ሰማያዊ እየመጣ ከሆነ ይቀጥሉ፤ የቦርሳው ቡናማ ብቅ ካለ የሚነሳው የቆዳው ቀለም ነውና ወዲያው ያቁሙ።

«አሴቶን ፈጣን ነው»
ፈጣንስ ነው፤ ሽፋኑንም በዚያው ፍጥነት ይገፈዋል። የሚተርፈው ደብዛዛ፣ ሻካራ ቦታ ነው።

«የጸጉር ስፕሬይ ፍቱን ነው»
ድሮ የሚሠራው አልኮሉ ነበር። አሁን ብዙዎቹ አልኮላቸው ከድሮው ያነሰ ሲሆን፣ ጸጉሩን ባለበት የሚይዘው ሙጫቸው ቆዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አቧራም ይሰበስባል። አልኮል ከተፈለገ አልኮሉን ራሱን መጠቀም ነው።

«የጥርስ ሳሙና፣ ወተት፣ በረኪና…»
የጥርስ ሳሙና ውስጡ ያለው ደቃቅ ዱቄት ሽፋኑን ይፍቃል። ወተት ስቡን ትቶ ይሸታል። በረኪና ደግሞ የቆዳውን ፕሮቲን ራሱን ይበላል።

«ሰው ሠራሽ ቆዳ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀላል ነው»
በተቃራኒው ነው። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ቀናት ያለፉት እድፍ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል።

«ቅባት ቢቀባ እድፉ ይለቃል»
ቀድሞ የተቀባ ቅባት ቀለሙን አለስልሶ ያሰራጨዋል። ቅባት የመጨረሻው ሥራ ነው፦ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጥላ ውስጥ ካደረቁ በኋላ፣ ስስ አድርጎ የቆዳ ቅባት መቀባት። በጸጉር ማድረቂያ አያድርቁ፤ ሙቀት ቆዳውን ያኮማትረዋል። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላም ፈዛዛ ጥላ ከቀረ፣ አልኮል ከመጨመር ተመሳሳይ የቆዳ ቀለም በስሱ መቀባት ያዋጣል።