ማኅበራዊ ሚዲያ በኬንያ የ2024ቱ የታክስ ተቃውሞ

የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ዓላማው 346 ቢሊዮን ሽልንግ ተጨማሪ ገቢ መሰብሰብ ነበር። በዳቦ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በመኪና ላይ ደግሞ በየዓመቱ የዋጋውን 2.5 በመቶ ታክስ የሚጥል ነበር። ኑሮ ላንገሸገሸው ሕዝብ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነበት።

እንዲህ ያለውን ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ከባለሙያ በቀር የሚያነበው የለም። በዚያ ሰሞን ግን ወጣቶቹ አንቀጽ በአንቀጽ ፈትፍተው አቀረቡት። በቲክቶክ አብራሩት፤ ወደ ስዋሂሊና ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች መለሱት። ስለ ረቂቁ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ የሚሰጥ ቻትቦት የሠሩም ነበሩ። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ቁጣው የመጣው ከንባብ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የምክር ቤት አባላት ስልክ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ተሰራጨ። «ሕጉን እንዳታጸድቁ» የሚል መልእክት ስልካቸውን አጨናነቀው። ጠበቆች የታሰሩትን ለማስፈታት በነጻ ቆሙ። ለቁስለኞች ሕክምና በኤምፔሳ፣ ማለትም በሞባይል ገንዘብ መላኪያ፣ ገንዘብ ተዋጣ። ሰልፈኞች መንገድ ላይ ዜሎ በተባለው መተግበሪያ ይነጋገሩ ነበር። መሪ የለንም፣ ፓርቲ የለንም፣ ጎሳ የለንም ይሉ ነበር። ምርጫ በመጣ ቁጥር በጎሳ ለሚቧደን አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥትም ጠርቶ የሚደልለው ሰው አጣ።

ጁን 18 ናይሮቢ ላይ ሰልፍ ተወጣ። መንግሥት በዚያው ቀን የዳቦውንና የመኪናውን ታክስ ትቻለሁ አለ። ወጣቶቹ ግን ሙሉው ይውደቅ አሉ። ጁን 25 ምክር ቤቱ ረቂቁን 195 ለ106 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ሰልፈኞች ጥሰው ምክር ቤቱ ገቡ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ኢንተርኔቱም ተንቀራፈፈ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አሉ። ጁላይ 5 በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ላይ ቀርበው የወጣቶቹን ጥያቄ በቀጥታ ሰሙ። ሳምንት ሳይሞላም ካቢኔያቸውን ከሞላ ጎደል አሰናበቱ።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በኤክስ ላይ በግልጽ ይጽፉ የነበሩ ወጣቶች ማንነታቸው ባልታወቀ ሰዎች እየታፈኑ ተወሰዱ። ጁን 2025 ላይ፣ ስለ አንድ ከፍተኛ የፖሊስ ኃላፊ በተለጠፈ ጽሑፍ ሰበብ የተያዘ አንድ መምህርና ብሎገር በፖሊስ እጅ ሳለ ሕይወቱ አለፈ። ፖሊስ ራሱን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ነው አለ። የአስከሬን ምርመራው ግን መደብደቡንና አንገቱ መታነቁን አሳየ። ናይሮቢም እንደገና ሰልፍ ወጣች።