«ኤኒዴስክ አለኝ፤ ኬቪኤም ምን ይጨምርልኛል?» እና ሌሎች ስለ አይፒ ኬቪኤም የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ኤኒዴስክ ጭኜበታለሁ፤ ኬቪኤም ምን ይጨምርልኛል?»

ከሁሉ በላይ የሚሰማው ይህ ነው። የሚጠየቀውም ሁሉም ነገር በሰላም በሚሠራበት ቀን ነው። ሜክሲኮ ቢሮ ተቀምጦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያሉትን ሦስት ማሽኖች ለሚያዝ ሰው ማሽንን ከርቀት የሚያሳዩት ፕሮግራሞች፣ ኤኒዴስክም ሆነ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ የሚደርሱለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተነስቶ ኔትወርክ ካገኘ በኋላ ነው። አፕዴት ጀምሮ ሰማያዊ ስክሪን ላይ የቆመ ዊንዶውስ፣ ዲስኩን ፈልጎ አጥቶ ጥቁር ገጽ ላይ የቀረ ሊኑክስ፣ ገና ሲነሳ የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክን የሚያመሰጥርበት) ቁልፍ የሚጠይቅ ማሽን፣ እነዚህ ሁሉ ለኤኒዴስክ የሉም። አይፒ ኬቪኤም ከማሽኑ ውጭ የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የኤችዲኤምአይ ምስሉን ይቀበላል፤ በዩኤስቢ በኩል ደግሞ ለማሽኑ ኪቦርድና ማውስ ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ መግባትም፣ አይኤስኦ የሚባለውን የሲስተም መጫኛ ፋይል እንደ ፍላሽ አስመስሎ ሲስተም እንደ አዲስ መጫንም ይቻላል። አይኤስኦውን ግን ከቢሮ በሞባይል ዳታ ለመጫን አይሞክሩ፤ ቤት እያሉ በገመድ ወደ መሣሪያው ሚሞሪ ካርድ ይቅዱት።

«ባዮስ ውስጥ አያስገባኝም፤ መሣሪያው ብልሽት አለበት።»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የ«ፋስት ቡት» ነው። ማሽኑ ለመፍጠን ሲል የዩኤስቢ ኪቦርዱን ሳይጠብቅ ያልፋል። ያጥፉት። ከዚያ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤፍ 1 ደጋግመው ይጫኑ። ማውሱ ባዮስ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ በኬቪኤሙ ቅንብር ከ«አብሶሉት» ወደ «ሪላቲቭ» ይቀይሩት።

«አንድ አይፒ ኬቪኤም አራት ማሽን በአንዴ ያሳየኛል።»

አያሳይም። አንድ የቪዲዮ መግቢያ ያለው መሣሪያ አንድ ምስል ነው የሚቀበለው። አራት ማሽን ከተፈለገ ከፊቱ ባለአራት በር ኬቪኤም ስዊች ይገባል፤ የሚታየው የተመረጠው ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ባለቁልፍ ስዊች ደግሞ ብቻውን ከኔትወርክ ጋር ግንኙነት የለውም።

ስዊች ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠየቅ። የመጀመሪያው ኢዲአይዲ ነው፤ ማለትም ስክሪን «ይህን ያህል ጥራት እችላለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚልከው መግለጫ። ርካሽ ስዊች ያልተመረጠውን ማሽን መግለጫ ይቆርጥበታል። ማሽኑም ስክሪን የተነቀለበት ይመስለዋል፤ በዚያ መሀል ሪስታርት ካደረገ ምስል ላያወጣ ይችላል፤ ተመልሰው ሲመጡ ጥቁር ገጽ ይጠብቅዎታል። ለሁሉም በሮች ኢዲአይዲ ይዞ የሚቆይ ስዊች ይምረጡ። ሁለተኛው መቀያየሪያው ነው። «ስክሮል ሎክን ሁለቴ ተጫን» የሚለው ዘዴ የሚሠራው ስዊቹ እውነተኛ ኪቦርድ ሲያይ ነው። አይፒ ኬቪኤም በአንድ ገመድ ኪቦርድም ማውስም ዲስክም ሆኖ ስለሚቀርብ ብዙ ስዊቾች የኪቦርድ በራቸው ላይ ሊለዩት ያቅታቸዋል። በሲሪያል ገመድ ወይም በኔትወርክ ትእዛዝ የሚቀበል ስዊች ከዚህ ጣጣ ያድናል።

መቀየሪያም አቅጣጫ አለው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ርካሽ መቀየሪያ ወደ ኋላ አይሠራም። ቪጂኤ ብቻ ያለው አሮጌ ማሽን ደግሞ ኃይል የሚወስድ አክቲቭ መቀየሪያ ይፈልጋል።

«ኬቪኤም ካለኝ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከቢሮ አስነሳዋለሁ።»

ዋናው ስህተት ይኸው ነው፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በመጀመሪያው የመብራት መጥፋት ቀን የሚያዝነውም በዚህ ነው። ኬቪኤም ማለት ኪቦርድ፣ ቪዲዮ፣ ማውስ ነው። በስሙ ውስጥ ማብሪያ የለም። የጠፋ ማሽን ምስል አያወጣም፣ አብዛኛው ደግሞ ከኪቦርድ የሚላክለትን አይሰማም። ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ መንገዶቹም እያንዳንዳቸው ቀዳዳ አላቸው።

ከባዮስ ይጀመር። በዴል «ኤሲ ሪከቨሪ»፣ በኤችፒና በሌኖቮ «አፍተር ፓወር ሎስ» የሚል ምርጫ አለ፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ጠፍቶ ይቅር፣ ይነሳ ወይስ ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመለስ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ላስት ስቴት»ን ይመርጣል፤ ብልህ ስለሚመስል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑን በሥርዓት እንዲዘጋ ተደርጎ ከሆነ ግን የማሽኑ የመጨረሻ ሁኔታ «የጠፋ» ነው። መብራት ሲመጣ ጠፍቶ ይቀራል። «ፓወር ኦን» ያድርጉት።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ በሥርዓት ተዘግቶ፣ ባትሪው ሳይሟጠጥ መብራት ቢመጣ ምን ይሆናል? ዩፒኤሱ ለአፍታም ኃይል አላቋረጠም፤ ስለዚህ ማሽኑ «ኃይል ተመለሰ» የሚለውን አያይም። «ፓወር ኦን» ተመርጦም ተኝቶ ይቀራል። መድኃኒቱ ከመዝጋት በኋላ ዩፒኤሱ ራሱ መውጫውን እንዲቆርጥ ማዘዝ ነው፤ ነት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ትእዛዙን ለሚቀበሉ ዩፒኤሶች ይህን ያደርጋል።

ዌክ ኦን ላን፣ ማለትም የጠፋ ማሽንን በኔትወርክ መልእክት ማስነሳት፣ ይህችን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሌላ ግን ይከፍታል። የሚላከው ፓኬት 6 ባይት ኤፍኤፍ፣ ቀጥሎ የማሽኑ ማክ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ ነው። በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የሚበተን ስለሆነ ራውተር ተሻግሮ ከቢሮ አይደርስም፤ ቤት ካለው ከኬቪኤሙ ላይ መላክ አለበት። በዴል ማሽኖች «ዲፕ ስሊፕ» የሚለው ካልተዘጋ አይሰማም። ኃይል ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ አንዳንድ የኔትወርክ ካርዶች ማሽኑ አንድ ጊዜ እስኪነሳ ድረስ መስማት ያቆማሉ። ስለዚህ «ፓወር ኦን» እና ዌክ ኦን ላን አንዱ ሌላውን እንዲሸፍን አብረው ይደረጉ።

ከሁሉ የሚታመነው የማብሪያ ቁልፉ ላይ ገመድ መሳብ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የማብሪያው ሁለት ፒኖች አሉ፤ ከቁልፉ ጎን ለጎን በሪሌይ ወይም በኦፕቶካፕለር (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚገናኙ ማብሪያዎች) ይያያዛል። ለግማሽ ሴኮንድ ማገናኘት ማብራት ነው፣ ለ5 ሴኮንድ ያህል መያዝ በግድ ማጥፋት ነው። ኬቪኤሙ በራስቤሪ ፓይ (ትንሽ ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) የተሠራ ከሆነ የፓይውን ፒን በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ አይሰኩ፤ ሁለቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ትንንሾቹ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች መሰኪያቸው የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ ከቁልፉ የሚወጡትን ሁለት ገመዶች መፈለግ ይሻላል። አራት ማሽን ካለ አራት ሪሌይ ያስፈልጋል፤ የቪዲዮ ስዊቹ በሩን ሲቀይር ማብሪያው አብሮ የሚቀየረው ለዚያ ተብለው በተሠሩት ብቻ ነው። ስማርት ሶኬት የመጨረሻ አማራጭ ነው። አጥፍቶ 30 ሴኮንድ ጠብቆ ማብራት «ፓወር ኦን» ያለውን ማሽን ያስነሳል፤ ዲስክ ላይ እየጻፈ የነበረን ማሽን ግን ሊጎዳ ይችላል።

ሌላም አለ፤ ዩፒኤሱ ላይ ሦስቱን ኮምፒውተር ሰክቶ ራውተሩን ግድግዳ ላይ መተው። መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹ እንደበሩ ይቆያሉ፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል። የፋይበር ሳጥኑ፣ ራውተሩ፣ ስዊቹና ኬቪኤሙ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ30 ዋት አይበልጡም። 650 ቪኤ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ ለብቻቸው ቢመደብላቸው፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ሊያቆያቸው ይችላል። ባትሪው ተሟጦ መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ ዩፒኤስ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ቁልፍ እስኪጫኑለት የሚጠብቅ አለ።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ቤት እያሉ ይፈትሹ። ዩፒኤሶቹን ከግድግዳ ነቅለው ባትሪያቸው እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ መልሰው ይሰኩ፣ ከዚያ ምንም ሳይነኩ በስልክዎ ዳታ (በቤቱ ዋይፋይ አይሁን) ለመግባት ይሞክሩ። ሁለተኛ ዙር ደግሞ ማሽኖቹ እንደተዘጉ፣ ባትሪው ሳያልቅ ይሰኩት። ካርድ ቆጣሪ ያለበት ቤት ከጉዞ በፊት ሂሳቡ ይታይ፤ ያለቀ ካርድን የትኛውም ኬቪኤም አይሞላም።

«ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቼ ከየትም እገባለሁ።»

እባክዎ አያድርጉት። ራስቤሪ ፓይን ወደ አይፒ ኬቪኤም የሚለውጠው ፓይኬቪኤም ሲጫን የሚመጣው የድረ ገጹ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሁለቱም «አድሚን» ነው፤ ይህን ሳይቀይር ኢንተርኔት ላይ ያወጣ ሰው ኪቦርዱን ለማያውቀው ሰው ሰጥቷል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ራውተሩ የያዘው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አገልግሎት ሰጪው አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው፤ የቱንም ያህል ፖርት ቢከፍቱ ከውጭ የሚመጣ አይገባም። ቴይልስኬል የተባለው ቪፒኤን (መሣሪያዎችን በተመሰጠረ መንገድ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ኬቪኤሙ ላይ ተጭኖ ይህን ያልፋል። የራሱ የሕዝብ አድራሻ ያለው ሰው ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን ይበቃዋል።

«ፈጣን ኢንተርኔት ይጠይቃል።»

የሚወስነው የቤቱ አፕሎድ ነው። ሙሉ ኤችዲ ምስል በኤምጄፔግ የቪዲዮ መጭመቂያ በሴኮንድ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋቢት ሊበላ ይችላል፤ በኤች 264 ግን በ5 ሜጋቢት ደህና ይታያል። ለባዮስና ለሊኑክስ ተርሚናል ከዚያም በጣም ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

«ማንኛውም ራስቤሪ ፓይ ይሆናል።»

ፓይ 4 ይሁን። ፓይ 5 አዲስ ቢሆንም የኤች 264 ሃርድዌር ኢንኮደር የለውም። ፓይ 4 ላይ ደግሞ ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው በር ኃይል የሚቀበልበት ዩኤስቢ ሲ ነው፤ ስለዚህ ኃይሉን ከዳታው የሚለይ ባለሁለት ጭራ ገመድ ያስፈልጋል። ያለ እሱ ፓይው ከማሽኑ ዩኤስቢ ኃይል ይስባል፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይሞታል። ባለ5 ቮልት 3 አምፔር የራሱ ቻርጀር ይሰጠው።

«ዋጋው አይቀመስም።»

ምናልባት ሳያውቁት ገዝተውታል። ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ብዙዎቹ የኢንቴል «ቪፕሮ» ምልክት አላቸው። መርካቶ ሲገዙ ይህን ምልክት ይፈልጉ። ውስጣቸው ያለው ኤኤምቲ የኃይል ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ማሽኑ ጠፍቶም በኔትወርክ ያስነሳዋል፣ ስክሪኑንም ባዮስ ድረስ ያሳያል። ማሽኑ ሲነሳ «ኮንትሮል» እና «ፒ» ቁልፎችን አብሮ በመጫን ወይም ከኤፍ 12 ዝርዝር ይገባል፤ የመጀመሪያው የይለፍ ቃል በትንንሽ ፊደል «አድሚን» ነው፣ አዲሱ ቢያንስ 8 ምልክት ሆኖ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ልዩ ምልክት ይቀላቅላል። ከዚያ ሜሽኮማንደር በተባለው ፕሮግራም በፖርት 16992፣ ምስጠራ ሲበራ በ16993 ይያዛል። ኔትወርኩ በገመድ በማዘርቦርዱ የኢንቴል ካርድ መሆን አለበት፤ ምስሉ ከኢንቴል ግራፊክስ መውጣት አለበት፤ ስክሪን የሌለው ማሽን ደግሞ ስክሪን መስሎ የሚሰካ ዳሚ ፕላግ ይፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የኤኤምቲ ቀዳዳ ያለ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ያስገባ ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ከሆነ መጀመሪያ የአምራቹን የባዮስና የፈርምዌር ማሻሻያ ይጫኑ፣ ኤኤምቲን ከዚያ በኋላ ይክፈቱ።