የ72 ሰዓቱ እንክብል በጎንደር መድኃኒት ቤቶች

ጎንደር ውስጥ ጥንቃቄ ከጎደለው ግንኙነት በኋላ የሚወሰደው የድንገተኛ ወሊድ መከላከያ ሲገዛ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። «ፖስት ፒል አለ?» ይባላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የ72 ሰዓቱ» የሚልም አለ። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ስለዚህ ገዢዋ የምታገኘው ባለሙያ ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ፋርማሲስት ወይም ድራጊስት ብቻ ነው። እሱ የሚያውቀውና የሚያምንበት ነገር ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ከተማዋ የተማሪ ከተማ ናት። በ1947 ዓ.ም. በጤና ጥበቃ ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ፋርማሲስቶችን ያስተምራል። ከቤተሰብ ርቆ ለሚኖር ወጣት ካርድ አውጥቶ ወረፋ ከመጠበቅ መድኃኒት ቤት ጎራ ማለት ይቀላል።

እንክብሉ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ነው። መጠኑ 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በአንድ ጊዜ ይወሰዳል። በሁለት ባለ 0.75 ሚሊግራም እንክብል የታሸገም አለ። 72 ሰዓት የሚባለው እንክብሉ ቢወሰድ የሚመረጥበት ጊዜ ነው፤ የሚቆጠረውም ግንኙነቱ ከተፈጸመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ከነበረ 72 ሰዓቱ የሚሞላው እሑድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። እስከ 5 ቀን ድረስም ሊሠራ ይችላል፤ ግን በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። «ነገ እገዛዋለሁ» ማለት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ብዥታ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። እንክብሉ እንቁላል ከእንቁልጢ (ሴቷ እንቁላል ከምታመርትበት አካል) እንዳይወጣ ያዘገያል ወይም ይከለክላል። እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ቢወሰድ ጽንሱን አያስወርድም፣ አይጎዳውምም። ለውርጃ የሚውሉት ሚፈፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል ሌላ መድኃኒቶች ናቸው። መካን ያደርጋል የሚባለውም ልክ አይደለም።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለፋርማሲስቱ ሕሊናም ይጠቅማል። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልባት ከተማ ያደገ ባለሙያ «ነፍስ በማጥፋት እተባበር ይሆን?» ብሎ ቢጨነቅ አልፈርድበትም። እምነቱ የእሱ ነው። ጭንቀቱ ግን መድኃኒቱ በማይሠራው ሥራ ላይ መመሥረት የለበትም። «በቀላሉ ከተገኘ ወጣቱን ያባልጋል» የሚለውም ስጋት ይሰማል። እኔ ግን የማስበው ባንኮኒው ፊት ስለቆመችው ልጅ ነው። ለእሷ ጉዳዩ አልፏል፤ የቀራት ሰዓት ነው።

እስቲ አንዷን እናስብ። ከጎኗ ያሉት አዛውንት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው እስኪወጡ የማስቲካ ዋጋ እየጠየቀች ትቆያለች። ፋርማሲስቱ ጮክ ብሎ «ለማን ነው?» ካላት ወጥታ ትሄዳለች። ወደ ጥግ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ መቼ ነበር?» ካላት ግን ትነግረዋለች። እንክብሉን ለመግዛት የሚመጣው ወንድ ሲሆን ደግሞ መልእክቱ ለሴቷ እንዲደርስ ነገሩን ወረቀት ላይ መጻፍ ጥሩ ነው።

ከዚያ የሚቀጥሉ ጥያቄዎች አሉ። ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ? የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ እንዲሁም የኤችአይቪው ኤፋቪሬንዝ የእንክብሉን አቅም ያዳክማሉ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት በ5 ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ የተሻለ ነው። ከሁሉም የድንገተኛ መከላከያ ዓይነቶች አስተማማኙም እሱ ነው። እንክብሉን ወስዳ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት መድገም አለባት። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የወር አበባ ቀን መዛባት ሊያጋጥማት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

እንክብሉ ከኤችአይቪም ሆነ ከሌላ አባላዘር በሽታ አይከላከልም። ከወሰደችው በኋላ ለሚኖር ግንኙነትም ዋስትና አይሆንም። ደጋግሞ መውሰዱ አደገኛ ባይሆንም የመደበኛ መከላከያን ያህል አያስተማምንም። መርፌው፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና ሉፑ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ፤ ፋርማሲስቱ ይህንንም ቢነግራት ጥሩ ነው። የወር አበባዋ ከተለመደው ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ግን ተመልሳ መጥታ የእርግዝና መመርመሪያ ትግዛ።