«በጀት ተይዞለታል» ማለት ገንዘብ አለ ማለት አይደለም

አጎቴ ከገጠር በመጡ ቁጥር ገና ጋቢያቸውን ሳያወርዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «በጀቱን ማን በላው?» የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ በእሳቸው ዓይን ከበሉት አንዱ ባልሆን እንኳ የበላውን አውቀዋለሁ። ከወረዳቸው ከተማ ወደ ትልቁ ገበያ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት ያድጋል ተብሎ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ልጃቸው ተማሪ ነበር። አሁን ልጁ አግብቶ ወልዷል። ድንጋዩ ግን እንደተቀመጠ ነው።

ለአጎቴ መቶ ጊዜ አስረድቻለሁ። ይኸው ጥያቄ በታክሲም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በሠርግም ስለሚመጣብኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

«በጀት ተይዞለታል፣ ታዲያ የት ሄደ?»

የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። በጀት ፈቃድ እንጂ ካዝና አይደለም። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ «ለዚህ ሥራ ዘንድሮ እስከዚህ ድረስ ማውጣት ትችላላችሁ» ማለቱ ነው። ብሩ የሚመጣው በዓመቱ ውስጥ ከሚሰበሰብ ግብር፣ ከብድርና ከእርዳታ ነው። ግብሩ ካነሰ ወይም ብድሩ ከዘገየ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። ያለችው ብር ደግሞ መጀመሪያ ለደሞዝ ትሄዳለች፣ ከዚያ ለዕዳ፣ መንገድ ወረፋውን ይጠብቃል። የመምህራን ደሞዝ አቁሞ ለግሬደር ናፍጣ የገዛ ወረዳ አላየሁም፣ እንዲኖርም አልመኝም።

ሌላው ስህተት ከዜናው ይጀምራል። በዜና የሚነገረው ቁጥር የሙሉው ውል ዋጋ ነው፣ የዓመቱ ድርሻ አይደለም። እንበልና አንድ መንገድ በ600 ሚሊዮን ብር ውል ተፈርሞ በ3 ዓመት ያልቃል ተባለ። በዓመት 200 ሚሊዮን ይፈልጋል ማለት ነው። የተመደበለት 40 ሚሊዮን ከሆነስ? አካፍሉት። 15 ዓመት ይመጣል። ማንም አንድ ሳንቲም ሳይሰርቅ 15 ዓመት! ይህን ሒሳብ ስሠራላቸው ሰዎች ፊታቸው ይከፋል፣ ሌባ ቢኖር ይሻላቸው የነበረ ይመስላል፤ ሌባ ይታሰራል፣ የማካፈል ሒሳብን ማን ያስረዋል።

ለምን እንዲህ ተበጣጥሶ ይመደባል ካላችሁ፣ ሁሉም ወረዳ መንገድ ይፈልጋል፣ ሁሉም ተመራጭ መራጭ አለው፣ ስለዚህ 10 መንገድ ከመጨረስ 50 መንገድ መጀመር ይቀላል። ለመጀመር ሪባንና ድንኳን ይበቃል። አንድ እንጀራ ለሃምሳ ሰው ሲቆረስ ግን ሁሉም ቀምሶ ማንም ሳይጠግብ ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቀን መቁጠሪያው አለ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ደጋ ላይ የአፈር ሥራ እስከ ጥቅምት አይታሰብም፣ ሥራው የሚጦፈው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው። ገንዘቡ ጥር ላይ ከተለቀቀ የበጋው ግማሽ ሊያልቅ ነው። ሰኔ 30 ደግሞ ሒሳብ ይዘጋል። አንድ ዓመት በጋውን ሙሉ ሲያጉላሉን የከረሙ የአሠሪው መሥሪያ ቤት ሰዎች ሰኔ 25 ደወሉልኝ፤ «ኢንጅነር፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱን ቶሎ ላክልን፣ ገንዘቡ ሊመለስብን ነው» አሉኝ። ዝናቡ የካምፑን ቆርቆሮ ሲደበድበው ስልኩ በቅጡ አይሰማም ነበር። የትኛውን ሥራ ለክቼ የትኛውን ሰርተፊኬት ልላክ? ሮለሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል።

«ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ይዞ ጠፋ»

የሚጠፋ የለም አልልም። አውቃለሁ፣ ስማቸውንም አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ሕዝብ የሚያስበው ገንዘቡ በሙሉ መጀመሪያ ላይ ለኮንትራክተሩ ተቆጥሮ እንደተሰጠው ነው። እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ የሚሰጠው ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው፣ እሱም ከ30 በመቶ አያልፍም፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ያንንም የሚወስደው ዋስትና አስይዞ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ እየተቆረጠ ይመለሳል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በሠራው ልክ ነው። በራሱ ገንዘብ ይሠራል፣ እንለካለን፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ይዘጋጃል፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ይከፍላል። ማለት፣ ይከፍላል ይባላል።

ፊዲክ የሚባል ዓለም አቀፍ የውል ሰነድ አለ። ትልልቅ የመንገድ ውሎች ብዙ ጊዜ በእሱ ነው የሚፈረሙት። በ1999 በፈረንጆች በወጣው ሰነድ መሠረት መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄው ከደረሰው ቀን ጀምሮ አሠሪው በ56 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ካልከፈለ ኮንትራክተሩ የ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ማቀዝቀዝ ወይም ማቆም ይችላል። ላልተከፈለው ገንዘብም ወለድ ይታሰብለታል። ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ ስታዩ ኮንትራክተሩ ሁልጊዜ ጠፍቶ አይደለም፣ አንዳንዴ መብቱን እየተጠቀመ ነው።

አንድ ጊዜ ሦስት ሰርተፊኬት ሳይከፈል ተከማችቶ ኮንትራክተሩ ከጥምቀት በፊት ግሬደሩን ሎቤድ በሚባለው ማሽን መጫኛ ተሽከርካሪ ላይ ጫነ። የቀበሌው ሰው ዱላውን ይዞ መንገዱን ዘጋ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ከወጣ አይመለስም፣ እናውቀዋለን» አሉኝ። እውነት ነበራቸው። ግን ማሽኑ በኪራይ የመጣ ነው፣ ቆሞም ይሁን እየሠራ ኪራዩ ይቆጥራል፣ ሾፌሩና ረዳቱ ሁለት ወር ደሞዝ አላዩም፣ ካምፑ ውስጥ ያለችው ምግብ አብሳይ ዱቄት በዱቤ ነበር የምታመጣው። ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ልንገራቸው ፈለግሁና ተውኩት። ሎቤዱ አመሻሽ ላይ በሌላ በኩል ወጣ። የተመለሰው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ያውም ሌላ ኮንትራክተር ይዞት።

«ነዳጅ ስንቀዳ ለመንገድ ፈንድ እንከፍል የለ? በእሱ ይሠራ!»

የመንገድ ፈንድ በ1989 በአዋጅ ሲቋቋም ለጥገናና ለመንገድ ደህንነት ተብሎ ነው። ጠጠርን ወደ አስፋልት ማሳደግ ጥገና አይደለም፣ አዲስ ግንባታ ነው። ያ ገንዘብ ለእናንተ መንገድ ቢመጣ የሚመጣው ጉድጓድ ለመሙላት ነው። እሱም አይበቃም፤ በዚያው በ1989 የአገሪቱ መንገድ በሙሉ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፣ ዛሬ ከ100 ሺህ በላይ ሆኗል፣ እያንዳንዱ አዲስ ኪሎ ሜትር ደግሞ ከዓመት በኋላ ጠጋኝ ይፈልጋል።

«አስፋልት ማልበስ ብቻ አይደል እንዴ?»

አይደለም። ኩርባው ይቃናል፣ ዳገቱ ይቆረጣል፣ ቱቦና ድልድይ ይቀየራል፣ ከሥር ገረጋንቲውና የተፈጨው ድንጋይ በየንብርብሩ ይጠቀጠቃል። አስፋልቱ የመጨረሻው ካፖርት ነው።

«ከውጭ ብድር ተፈርሟል፣ ገንዘቡ ደርሷል»

ፊርማ ላይ ካሜራ አለ፣ ከፊርማ በኋላ የለም። ብድሩ በተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ መጽደቅ አለበት። ከዚያ አበዳሪው የሚያስቀምጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፤ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ይቋቋም፣ ልዩ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይቅረብ ይላል። ከዚያ ጨረታው አለ፣ በየደረጃው «ተቃውሞ የለንም» የሚል ደብዳቤ ከአበዳሪው ይጠበቃል። በዜና ካየነው ቀን እስከ መጀመሪያው ክፍያ አንድ ዓመት ማለፉ ለእኛ ተራ ነገር ነው።

«ካሳ ሰበብ ነው»

ሰበብም ይሆናል፣ እውነትም ነው። ባሕር ዛፉና ቤቱ ሳይነሳ ዶዘር አይገባም። በ2016 የተሻሻለው አዋጅ የካሳ ክፍያውን በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ላይ ስላደረገው አሁን መንገዱ ከአንድ ኪስ፣ ካሳው ከሌላ ኪስ ነው የሚወጣው። ሁለቱ ኪሶች በአንድ ቀን ሞልተው አላየሁም።

«ጎረቤት ቀበሌ ገብቶለታል፣ እኛ ተረሳን»

በ2003 የተጀመረው ቀበሌን ሁሉ ከዋና መንገድ የማገናኘት ፕሮግራም 71,523 ኪሎ ሜትር ለመሥራት አቅዶ ነበር። ጎረቤታችሁ ያገኘው ምናልባት የዚያን ነው። አይታችሁት ከሆነ ቱቦና ድልድይ ያልተሟላላቸው ብዙ ናቸው፣ በክረምት ከእናንተው እኩል ናቸው። ብዙ አትቅኑ።

«ቢዘገይም መሠራቱ አይቀር፣ ዋጋው ያው ነው»

እንዲህ የሚል ሰው ቤት ሠርቶ አያውቅም። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ በ2016 ሰኔ መጨረሻ ጸደቀ። ወር ሳይሞላው፣ ሐምሌ 22፣ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሬንጅ ከውጭ ነው። ጎማ ከውጭ ነው። መለዋወጫና ነዳጅ ከውጭ ነው። ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፣ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በአሮጌ ዋጋ ውል ይዘው የነበሩ ትናንሽ ኮንትራክተሮች ምን እንደሆኑ እኛ አይተናል። አንድ የማውቀው ገልባጭ መኪናዎቹን ሸጦ አሁን የግንባታ ዕቃ ሱቅ ከፍቷል። የዋጋ ማስተካከያ ያለው ውል የያዘ ተረፈ፣ ልዩነቱን ግን አሠሪው ነው የሚከፍለው፣ ያ ማለት እንደገና ሌላ በጀት ነው።

ግማሽ ተሠርቶ የቆመ መንገድ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ያልተጠቀጠቀ አፈር አንድ ክረምት ካገኘው ይታጠባል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ውኃው በራሱ መንገድ ይሄዳል። በቀጣዩ ጥቅምት የምንጀምረው ካቆምንበት ሳይሆን ከዚያ ወደ ኋላ ነው። የተከፈለበትን አፈር እንደገና ስንሞላ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ።

እና ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ጊዜያችሁን አስተካክሉ። እኛ አቤቱታ ይዘን የምንሄደው ነሐሴ ላይ ነው፣ መኪናው ጭቃ ሲይዘውና ወላድ በቃሬዛ ስትወጣ። በነሐሴ የዓመቱ በጀት ተዘግቷል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከየካቲት ጀምሮ ነው የሚቦካው፣ መንገዱ ደርቆ አቧራው ሲቦን፣ ማንም ትዝ በማይለው ሰዓት። ሽማግሌ መላክ ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ የመንገዱ ባለቤት ማን እንደሆነ እወቁ። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ናቸው፣ ሌሎቹ የክልል፣ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኙት የወረዳ። የፌዴራል መንገድ ይዛችሁ የወረዳ አስተዳዳሪ ቢሮ ብታድሩ ሻይ ትጋበዛላችሁ እንጂ ሌላ የላቸውም።

ሦስተኛ፣ «መንገዳችን መቼ ነው የሚሠራው?» አትበሉ። ለዚህ ጥያቄ «በቅርብ ቀን» የሚል መልስ ሞልቷል። እንዲህ በሉ፦ የውሉ ዋጋ ስንት ነው? ዘንድሮ የተመደበለት ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ እስካሁን የተከፈለው ስንት ነው? ያልተከፈለ ሰርተፊኬት አለ? ቁጥር ሲጠየቅ ሰው ወንበሩ ላይ ይስተካከላል።

አራተኛ፣ አስፋልቱ የማይመጣ ከሆነ ቱቦና ድልድዩ ይቅደም በሉ። ገንዘብ ባነሰበት ዓመት አምስት መሻገሪያ መሥራት ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት ከማንጠፍ ይሻላል፣ ክረምቱን መኪና የሚያቆመው መሻገሪያው ነውና። አንድ የወረዳ ኃላፊ ይህን ስነግራቸው «አስፋልት ነው የሚታየው» አሉኝ። አዎ፣ ይታያል።

ባለፈው አጎቴ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ጠየቅኋቸው» አሉኝ። «ማንን?» «እንዳልከኝ ነዋ! ሰባተኛው ሰርተፊኬት አልተከፈለም አሉኝ። ከገባ ሁለት ወር አልፎታል።» እንግዲህ 56 ቀኑ አልፏል፣ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እና ማን በላው?» አሉኝ።