ጥምቀት ምንድን ነው? ሰው ራሱን በራሱ የማያጠምቀውስ ለምንድን ነው?

ጥምቀት አንድ ሰው በውኃ፣ በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስም ስም፣ ከክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ጋር አንድ የሚሆንበትና የቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ የሚቆጠርበት ሥርዓት ነው። የቃሉ ሥር የሆነው የግእዙ «ጠመቀ» መንከርን፣ ውኃ ውስጥ ማግባትን ያመለክታል፤ አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ያለው «ባፕቲዞ» የተባለው ግሥም እንዲሁ ማጥለቅ፣ መንከር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከቃሉ ፍቺ ይልቅ አገባቡ የበለጠ የሚያስተምረን ይመስለኛል። «ታጠበ» ስንል ሰውየው ራሱን በራሱ እንዳጠበ እንረዳለን፤ «ተጠመቀ» ስንል ግን ያጠመቀው ሌላ ሰው መኖሩን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። መታጠብ ሰው ለራሱ የሚያደርገው ነገር ሲሆን፣ መጠመቅ ከሌላ እጅ የሚቀበለው ነገር ነው። የጥምቀት ትርጉምም፣ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ጥምቀት ያደረጓቸው ክርክሮች አብዛኞቹም፣ ከዚህ ልዩነት ጋር የተያያዙ ናቸው።

በውኃ መንጻት ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ የታወቀ ነበር። የረከሰ ሰው ራሱ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ራሱ ይነከራል፣ ንጹሕ ሆኖም ይወጣል፤ ዳግመኛ ሲረክስ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። የዘካርያስ ልጅ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ወንዝ ያደረገው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ወደ እርሱ የመጡት ሰዎች ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ በእርሱ እጅ ይጠመቁ ስለ ነበር፣ «መጥምቁ» የሚል የግብር ስም ወጣለት። ኢየሱስም ቢሆን ብቻውን ወደ ወንዙ አልወረደም፤ ዮሐንስ «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል» እያለ ሲከለክለው እንኳ በእርሱ እጅ ተጠመቀ። ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው ያዘዛቸው ሕዝብን እንዲያጠምቁ ነው፤ በበዓለ ኀምሳ ዕለትም ጴጥሮስ የሰበከላቸው ሦስት ሺህ ያህል ሰዎች ቃሉን ተቀብለው እንደ ተጠመቁ የሐዋርያት ሥራ ይተርካል። የዮሐንስ ጥምቀትና የክርስቶስ ጥምቀት ግን አንድ አይደሉም። ጳውሎስ በኤፌሶን ያገኛቸው ደቀ መዛሙርት በዮሐንስ ጥምቀት ተጠምቀው የነበሩ ቢሆኑም፣ በጌታ በኢየሱስ ስም እንደ ገና ተጠምቀዋል። የመጀመሪያው ለሚመጣው መዘጋጃ የንስሐ ጥምቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው የመጣውን መቀበያ ነው።

ብዙ ሰው ጥምቀትን ኃጢአትን እንደሚያጥብ ውኃ ብቻ ያስበዋል። ይህ ስሕተት ባይሆንም የነገሩ እኩሌታ ብቻ ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የተጠቀመበት ምሳሌ ከመታጠብ እጅግ የጠለቀ ነው፤ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ሞተን ተቀብረናል፣ እርሱ ከሙታን እንደ ተነሣ እኛም በአዲስ ሕይወት እንመላለሳለን ይላል። በዮሐንስ ወንጌል ደግሞ ኢየሱስ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ ይነግረዋል። መቃብርና ልደት ተቃራኒ ቢመስሉም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ፦ የሞተ ሰው ራሱን አይቀብርም፣ የሚወለድም ሰው ራሱን አይወልድም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢየሩሳሌም ለአዲስ ተጠማቂዎች የተሰጠውና በቅዱስ ቄርሎስ ስም የሚታወቀው ትምህርት ሁለቱን ምሳሌዎች አዋሕዶ፣ ያ የመዳን ውኃ መቃብርም እናትም እንደ ሆነላቸው ይነግራቸዋል። የአማርኛው አነጋገርም ይህን አጥብቆ ይዟል፤ ሕፃኑ «ክርስትና ተነሣ» እንላለን፣ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ደግሞ «ክርስትና አነሡት» እንላለን። መነሣት ያለው መውደቅ ወይም መተኛት ባለበት ነው፤ ልጁን የሚያነሣውም ሌላ ሰው ነው።

ሥርዓቱ በጥንት ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር በአንጻራዊነት በደንብ እናውቃለን። «ዲዳኬ» በመባል የሚታወቀው እጅግ ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ በሚፈስ ውኃ እንዲጠመቅ ያዝዛል፤ የሚፈስ ከሌለ በሌላ ውኃ፣ በቀዝቃዛ ካልተቻለ በሞቀ፣ ይህም ከታጣ በራስ ላይ ሦስት ጊዜ ውኃ በማፍሰስ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። አጥማቂውም ተጠማቂውም አስቀድመው እንዲጾሙ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ጠባይ ሁልጊዜ ይማርከኛል፦ የሚሻለውን ይናገራል፣ ግን በውኃ ማነስ ምክንያት ማንንም አይመልስም። በሶርያ በኤፍራጥስ ዳር በምትገኘው በዱራ ኤውሮጶስ ፍርስራሽ ውስጥ ደግሞ ከ256 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊት ለክርስቲያኖች ጉባኤ የተለወጠ መኖሪያ ቤት ተገኝቷል፤ ከክፍሎቹ አንዱ ገንዳ የተሠራለት የጥምቀት ክፍል ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ መልካሙ እረኛ፣ በውኃ ላይ የሚራመደው ጴጥሮስ፣ ወደ መቃብር የሚሄዱ ሴቶችም ተሥለዋል። ተጠማቂው ወደ ገንዳው ሲወርድ በዓይኑ ፊት የነበረው መቃብር ነው። በኢየሩሳሌሙ ትምህርት መሠረት ተጠማቂው መጀመሪያ የጨለማ ወገን ወደ ሆነው ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል፤ ልብሱን አውልቆ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሦስቱ ጊዜያት የሥላሴንም ስም፣ ክርስቶስ በመቃብር የቆየባቸውንም ሦስት ቀናት ያስታውሳሉ።

ዛሬ አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ያጠልቃል፣ አንዳንዱ በራስ ላይ ያፈስሳል፣ አንዳንዱም ይረጫል። ማጥለቅ የመቀበርን ምሳሌ ከሁሉም አብልጦ ያሳያል፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ጥምቀት የሚያሰኘው የውኃው ብዛት ነው ብዬ አላምንም። ይልቅ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ልዩነት አለ። በግሪክና በሌሎች የባይዛንታይን ሥርዓት ተከታዮች ዘንድ ካህኑ የሚለው «የእግዚአብሔር አገልጋይ እገሌ በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስም ስም ይጠመቃል» ነው፤ በላቲን፣ ማለትም በሮማ ካቶሊክ፣ ሥርዓት ደግሞ «እኔ አጠምቅሃለሁ» ይላል። የመጀመሪያው አጥማቂውን ይሰውረዋል፤ ሁለተኛው አጥማቂውን ይጠራል፣ ሆኖም በዚያ «እኔ» ውስጥ የሚናገረው ክርስቶስ ራሱ እንደ ሆነ ያምናል። መንገዳቸው ቢለያይም የሚደርሱበት አንድ ነው።

የሚያጠምቀው በእውነት ማን ነው የሚለው ይህ ጉዳይ በሰሜን አፍሪካ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት የከፈለ ክርክር ሆኖ ነበር። የሮማው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ በ303 ዓ.ም. በክርስቲያኖች ላይ ባስነሣው ስደት ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ፤ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች እንዲህ ያለው ሰው የሚፈጽመው ጥምቀት ከንቱ ነው አሉ። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸው መልስ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ጴጥሮስ ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው፣ ይሁዳም ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው። ይህ መልስ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ክርስቲያን ያጠመቀውን ሰው ልብ ሲመረምር ይኖር ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ ተነሥታ፣ ሞት በቀረበበት ሰዓት ማንኛውም ሰው፣ ያልተጠመቀ እንኳ ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ በውኃና በሥላሴ ስም ቢያጠምቅ ጥምቀቱ የጸና ነው ብላ ታስተምራለች። በአንጻሩ ራስን ማጥመቅ ተቀባይነት አላገኘም። እንግሊዛዊው ጆን ስሚዝ በ1609 ዓ.ም. ገደማ በአምስተርዳም፣ እውነተኛ አጥማቂ የለም ብሎ ስላሰበ ራሱን አጥምቆ ነበር፤ በኋላ ግን እርሱ ራሱ በአደረገው ተጸጽቶ ሜኖናይቶች ከሚባሉት፣ አዋቂዎችን ብቻ ከሚያጠምቁት ክርስቲያኖች ጋር ለመቀላቀል ጠየቀ።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ሕፃናትን ስለ ማጥመቅ ነው። የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በ200 ዓ.ም. ገደማ ሕፃናት እንዲዘገዩ መክሯል፤ እንዲዘገዩ መምከሩም በዘመኑ ይጠመቁ እንደ ነበር ያስረዳናል። ከእርሱ ጥቂት ዘግይቶ የካርታጎው ቆጵርያኖስ ከሌሎች ጳጳሳት ጋር ሆኖ እስከ ስምንተኛው ቀን እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም ሲል ጽፏል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ያስፈራ ስለ ነበር ብዙዎች ያዘገዩት ነበር፤ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው በ337 ዓ.ም. በሞት አልጋው ላይ ሳለ ነው። በ1525 ዓ.ም. በዙሪክ፣ በሕፃንነት የተፈጸመው ጥምቀት አይደለም ያሉ ሰዎች በአዋቂነት እምነታቸውን መስክረው ተጠመቁ፤ ከእነርሱ አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንትስ በ1527 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተፈረደበት። በውኃ ስለ ተጠመቀ በውኃ ተገደለ፤ ይህ ክርስቲያኖች ሊረሱት የማይገባ ኀዘን ነው። ዛሬ ባፕቲስቶችና የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ንስሐና እምነት ከጥምቀት መቅደም አለባቸው ይላሉ፤ ኦርቶዶክሶች፣ ካቶሊኮች፣ ሉተራውያንና ሌሎችም ሕፃናትን ያጠምቃሉ።

ሁለቱን ሥርዓቶች ቀርቦ ለሚያይ ሰው ግን የሚገርም መመሳሰል አለ። ሕፃኑ ከእናቱ ክንድ ተወስዶ፣ ምንም ሳይጠየቅ፣ ውኃው ሲነካው እያለቀሰ ይጠመቃል፤ ስለ እርሱ የሚክዱለትና የሚያምኑለት ሌሎች ናቸው። አዋቂው ደግሞ እምነቱን በራሱ አንደበት ከመሰከረ በኋላ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምራል፤ አጥማቂው አንድ እጁን ከጀርባው አድርጎ ወደ ኋላ ያጋድመዋል። በዚያች ቅጽበት ሰውየው እግሩን ተክሎ ከተገተረ መጥለቅ አይችልም፤ ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ለሌላው እጅ መልቀቅ አለበት። የሚናገረው አዋቂም እንደማይናገረው ሕፃን ሁሉ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ነው።

ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተደረገው ጉባኤ ያጸናው ጸሎተ ሃይማኖት ለኃጢአት ስርየት በሆነች በአንዲት ጥምቀት ያምናል፤ በ1982 ዓ.ም. በሊማ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንት የተዘጋጀው የጋራ ሰነድም ጥምቀት አይደገምም ይላል። ሰው ሲደክም የሚያድሰው ንስሐውን እንጂ ልደቱን አይደለም። ስለዚህ ጥምቀቱ በትክክል መፈጸሙ ያጠራጠረ እንደ ሆነ ጉዳዩ ቀላል አይሆንም። በ2020 ዓ.ም. ቫቲካን «እኔ አጠምቅሃለሁ» በሚለው ፈንታ «እኛ እናጠምቅሃለን» ተብሎ የተፈጸመ ጥምቀት የጸና አይደለም ስትል ወሰነች፤ የሚያጠምቀው ክርስቶስ እንጂ የተሰበሰበው ጉባኤ አይደለም የሚል ነበር ምክንያቷ። በአሜሪካ የሚያገለግል አንድ ካህን ይህን ከሰማ በኋላ የሕፃንነት ጥምቀቱን ቪዲዮ አይቶ፣ አጥማቂው «እናጠምቅሃለን» ማለቱን አወቀ፤ ካህን ሆኖ ሲያገለግል የቆየው ሰው እንደ አዲስ ተጠመቀ፣ ክህነቱንም እንደ ገና ተቀበለ። መጠመቁ በእርግጥ ለማይታወቅ ሰው ደግሞ የላቲኑ ሥርዓት ከጥንት ያቆየው ቃል አለው፤ ካህኑ ውኃውን እያፈሰሰ በአንድ ሐረግ ብቻ ለይቶ፣ «ያልተጠመቅህ ከሆነ አጠምቅሃለሁ» ይላል።