ክፍት ዳታ ምንድን ነው? ከጎጃም ማሳ ሲታይ

ክፍት ዳታ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይለምንና ሳይከፍል የሚያገኘው፣ ለፈለገው ሥራ የሚያውለውና መልሶ የሚያሰራጨው መረጃ ነው። ድረ ገጽ ላይ መለጠፉ ብቻውን ክፍት አያሰኘውም። ሠንጠረዡ እንደ ፎቶ ተነሥቶ የተጫነ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ያለ ተመራማሪ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲገለብጥ ይከርማል። ስለዚህ ፋይሉ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚያነበው፣ የአጠቃቀም ፈቃዱም በግልጽ የተጻፈበት መሆን አለበት። የዓለም ባንክ በክፍያ ያቀርባቸው የነበሩትን የልማት አመልካቾች በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ለሁሉም በነፃ መልቀቁ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ነገር ግን ደካማ ቁጥር ቢከፈትም ያው ደካማ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2010 የኢኮኖሚዋን ስሌት መነሻ ዓመት፣ ማለትም የሌሎቹ ዓመታት ምርት የሚነጻጸርበትን ዓመት፣ ብትቀይር አጠቃላይ ምርቷ ከ60 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያ ሰሞን በማንም ጎተራ አንድ ኩንታል አልተጨመረም።

የእኛም ሩቅ አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937፣ ምዕራብ ጎጃም 2,106,596 ሕዝብ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው፤ ትምህርት ቤቱም መድኃኒቱም የሚታቀደው በዚሁ ነው። ትንበያው ከእውነቱ ሲያንስ ከሕፃናቱ ከመቶ በመቶ በላይ ተከተቡ የሚል ሪፖርት ይመጣል። ጤና ሠራተኛዋ አልዋሸችም፤ የተሳሳተው የሕፃናቱ ጠቅላላ ቁጥር ነው።

ጥሩ ቁጥር የሚጀምረው ከማሳ ነው። በዓመታዊው የእርሻ ናሙና ጥናት መረጃ ሰብሳቢው በዕጣ በደረሰው ማሳ ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይከልላል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሰብል ታጭዶ ይወቃል፣ ይመዘናል። ገበሬው ግን ስለ መሬቱ የሚናገረው በጥማድ፣ ስለ እህሉ በቁና ነው፤ ጥማዱም ቁናውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ከጥሬ መረጃው ጋር እነዚህ የአገር መለኪያዎች ወደ ካሬ ሜትርና ወደ ኪሎ የተመለሱበትን ስሌት አብሮ አውጥቷል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወድለት ይህን ነው። መለወጫው ሲታይ የአካባቢው ሰው «የእኛ ጥማድ ይህን አያህልም» ማለት ይችላል። ድምሩ ብቻ ቢወጣ ስሕተቱ የት እንዳለ ማን ያውቀዋል?

ይህ ሁሉ ግን የቆመው ገበሬው እውነቱን ለመናገር በመፍቀዱ ላይ ነው። ጎጃም ደግሞ መለካትን በበጎ አያስታውስም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ከዳሞት እስከ ሞጣ ገበሬው ገማች አላስገባም ብሎ ሸፈተ። ግብሩ ብቻ አልነበረም ያስቆጣው፤ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነጠቅ ነው የሚል ሥጋትም ነበረው። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላን ላከ፣ በመጨረሻ ውዝፉን ምሮ አፈገፈገ። ከዚህ ታሪክ በኋላ ታብሌት ይዞ በር ላይ የቆመ እንግዳ «ስንት ጥማድ አለህ? ከብትህስ?» ሲል አባወራው ቀንሶ ቢነግረው አይፈረድበትም።

ለዚህ ነው ክፍት ዳታ የግለሰቡን መረጃ መዝጋትንም የሚጠይቀው። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ መርሆች የግለሰብ መረጃ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝና ለስታቲስቲክስ ብቻ እንዲውል ያዝዛሉ፤ ለግብር አይውልም ማለት ነው። ከላይ በጠቀስሁት የቤተሰብ ጥናት ፋይሉ ሲለቀቅ የሰዎቹ ስም ይሰረዛል፣ የመንደሩም መገኛ ከትክክለኛው ቦታ ሆን ተብሎ በኪሎ ሜትሮች ይዛወራል። ተመራማሪው ዝናቡንና አፈሩን ማዛመድ ይችላል፤ የእገሌን ቤት ግን አያገኝም።

አሁንም የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ፋይሉ የሚገኘው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በኢንተርኔት ነው። ዋሽንግተን ያለ ተማሪ በደቂቃዎች ያወርደዋል፤ ማሳውን ያስለካው የደብረ ኤልያስ ገበሬ ግን የዞኑ አማካይ ምርት ስንት እንደወጣ አይሰማም። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢለጠፍ፣ ልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በስብሰባ ቢያነበው ወጪው ኢምንት ነው፤ ገበሬውም ቁጥሩን ሰምቶ «ይህስ ልክ አይደለም» ለማለት ዕድል ያገኛል።